ክር ሲበጠስ የማይቆም ሽመና

ከጳውሎስ ሆስፒታል በር ወደ መርካቶና ወደ ፒያሳ የሚጭነው ሚኒባስ ቶዮታ ነው። ሞተሩ ወርዶ ተሠርቷል፣ ቀለሙ ተቀይሯል፣ ባለቤቱም ሁለት ሦስቴ ተለዋውጧል፤ መኪናው ግን ዛሬም ይጭናል። ስለዚህ በዚህ በጉለሌ ሰፈር ጃፓንን ለማድነቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ አድናቆቱን በየቀኑ ይሳፈሩበታል። ችግሩ አድናቆቱ ብቻውን አለመሳፈሩ ነው። ከጎኑ ሁልጊዜ አንድ ፖለቲካዊ ድምዳሜ ተቀምጦ ይሄዳል፦ ጃፓን ያደገችው አንድ ፓርቲ ሳይነቀነቅ ስለገዛት ነው፤ ድሃ አገርም ከምንም በፊት የሚያስፈልጋት ሠላሳና አርባ ዓመት ወንበሩን ሳይለቅ የጀመረውን የሚጨርስ ፓርቲ ነው። ይህን የሚለው ካድሬ ብቻ ቢሆን መልስም ባላስፈለገው። ገዢውን ፓርቲ አምርሮ የሚጠላውም ሰው በረገመበት አፉ "ግን እንደ ጃፓን አንድ ጠንካራ ያስፈልገናል" ሲል ይሰማል። ሐሳቡ ከመለመዱ የተነሳ ማስረጃ የሚጠይቀው የለም። ማስረጃው ሲታይ ግን የሚናገረው ተቃራኒውን ነው። ጃፓን የገሰገሰችው ገዢው ፓርቲ ወንበሬን አጣለሁ ብሎ በሚሰጋበት ዘመን ነው፤ እግሯ የተያዘው ስጋቱ ለቆት፣ ሥልጣኑ ርስት በመሰለው ጊዜ ነው። (የጃፓኑን ዘመን በአውሮፓውያን፣ የእኛን በራሳችን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ሐሳቡን ከማንም በተሻለ ያደራጁት መለስ ዜናዊ ነበሩ፤ መከራከርም የሚገባው ከጠንካራው መልኩ ጋር ነው። መነሻቸው ቀላል ነው። ድሃ አገርን የሚለውጥ ፖሊሲ በአንድ የምርጫ ዘመን ፍሬ አያፈራም። ፓርቲዎች በየአምስት ዓመቱ የሚፈራረቁ ከሆነ አንዱ የዘራውን ሌላው ይነቅለዋል፤ ባለሀብቱም ከማምረት ይልቅ በመንግሥት ዙሪያ እየዞረ ፈቃድ፣ መሬትና ኮታ መልቀም ይቀናዋል። ኢሕአዴግ "ኪራይ ሰብሳቢነት" ሲል የኖረው ይህንን ነው። መድኃኒቱ ልማታዊ መንግሥት ሲሆን፣ ልማታዊውን መንግሥት የሚሸከመው ደግሞ በነፃ ምርጫ ደጋግሞ የሚያሸንፍ አውራ ፓርቲ ነው። ለምሳሌነት የሚጠሩት የስካንዲኔቪያ ሶሻል ዲሞክራቶችና የጃፓኑ ሊበራል ዲሞክራቲክ ፓርቲ ነበሩ። "በነፃ ምርጫ ደጋግሞ" የሚሉትን ቃላት አንባቢ ይያዝልኝ፤ ሐሳቡ ከቶኪዮ አዲስ አበባ እስኪደርስ መንገድ ላይ የወደቁት እነርሱ ናቸው።

በመጀመሪያ የዘመን ቅደም ተከተሉን እንይ። ሊበራል ዲሞክራቲክ ፓርቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1955 ሁለት ወግ አጥባቂ ፓርቲዎች ሲዋሐዱ ነው። የተዋሐዱትም ተከፋፍለው የነበሩት ሶሻሊስቶች ከአንድ ወር በፊት አንድ ሆነው ስላስደነገጧቸው ነው፤ ፓርቲው ሲወለድ ጀምሮ የስጋት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ የዕድገቱ መሠረት ተጥሎ አልቋል። ከጦርነቱ ማግሥት በተካሄደው የመሬት ስሪት ለውጥ በጭሰኛ ይታረስ የነበረው መሬት ከግማሽ ገደማ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወርዷል። አዲሱ ሕገ መንግሥት ከ1947 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ሶኒ የሆነው ድርጅት በ1946፣ ሆንዳ በ1948 ተቋቁመዋል፤ ቶዮታ ከጦርነቱም በፊት ነበረ። የኮሪያ ጦርነት ያመጣው የአሜሪካ ግዥ ፋብሪካዎቹን አንቀሳቅሷቸዋል። ፓርቲው ሥልጣን ሲይዝ የቆመ ቤት አገኘ፤ ቤቱን በደንብ አስተዳድሮት ይሆናል፣ መሠረቱን ግን አልቆፈረም። ቆይቶም የመንግሥት እጅ ሁልጊዜ ትክክለኛውን አልመረጠም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴሩ የመኪና አምራቾችን ቁጥር ገድቦ አዳዲስ ኩባንያዎች እንዳይገቡ ለመከልከል ሕግ አርቅቆ ነበር። ረቂቁ በፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ፤ የሞተር ብስክሌት ሠሪ የነበረው ሆንዳም በ1963 መኪናውን አወጣ። የአውራ ፓርቲ አድናቂዎች ከሚያነሷቸው የጃፓን ስኬቶች አንዱ የተገኘው መንግሥት ያሰበው ስላልተሳካለት ነው።

አሁን ወደ ዕድገቱ ዘመን እንምጣ። ከ1955 እስከ 1973 ድረስ የጃፓን ኢኮኖሚ በአማካይ በዓመት 10 በመቶ ገደማ አደገ። በዚያ ዘመን የነበረው ፖለቲካ የተረጋጋ ሐይቅ ይመስለናል፤ አልነበረም። በ1960 ከአሜሪካ ጋር የተፈረመውን የጸጥታ ስምምነት በመቃወም ሕዝቡ የቶኪዮን ጎዳናዎች አጥለቀለቀ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪሺ ኖቡሱኬም ወረዱ። ተተኪያቸው ኢኬዳ ሃያቶ ይዘውት የመጡት ስመ ጥሩው ዕቅድ፣ የሕዝቡን ገቢ በአሥር ዓመት እጥፍ የማድረጉ፣ የተወለደው ከዚህ ድንጋጤ ነው። ጎዳናውን ያጣ ፓርቲ ጓዳውን ለመያዝ ሲል ያወጣው ዕቅድ ነበር፤ በሰባት ዓመት ገደማም ግቡን መታ። አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ማራቶንን ሲያሸንፍ የሮጠባት ከተማ ያቺ ነበረች፦ በግንባታ የተጥለቀለቀች፣ ደግሞም በጭስ የታፈነች። ከሦስት ዓመት በኋላ የቶኪዮ መራጭ በሶሻሊስቶችና በኮሚኒስቶች የተደገፉትን ሚኖቤ ሪዮኪቺን አስተዳዳሪ አድርጎ መረጠ፤ እስከ 1979 ቆዩ። ኦሳካና ኪዮቶም በተመሳሳይ እጅ ነበሩ። ገዢው ፓርቲ ከተሞቹን ሲያጣ ምን አደረገ? የተቃዋሚዎቹን አጀንዳ ወሰደ። በ1970 ፓርላማው በአንድ ጉባኤ 14 የብክለት ሕጎችን አወጣ። ቶኪዮ በራሷ የጀመረችው የአረጋውያን ነፃ ሕክምና በ1973 የመላ አገሪቱ ሆነ። ይህ ሁሉ ደግነት አይደለም። ከ1967 እስከ 1993 በተደረጉት የታችኛው ምክር ቤት ምርጫዎች ፓርቲው አንድም ጊዜ የሕዝቡን ድምፅ ግማሽ አላገኘም፤ በ1976 ከ511 ወንበሮች 249 ብቻ አግኝቶ ገለልተኛ ተመራጮችን ለምኖ ነው መንግሥት የመሠረተው። ዘወትር በጠባብ ድልድይ ላይ የሚሄድ ሰው እግሩን ያያል።

በመሪዎችም በኩል ቢሆን "ሳይነቀነቅ" የሚለው ቃል አይገጥምም። ከ1955 እስከ 1993 ባሉት 38 ዓመታት ፓርቲው 15 ጠቅላይ ሚኒስትሮችን አፈራርቋል፤ በፓርቲው ውስጥ ያሉት አንጃዎች እርስ በእርስ የሚጠባበቁ ትንንሽ ፓርቲዎች ነበሩና። የታናካ ካኩዌይ ጉዳይ ከሁሉ ይናገራል። በ1974 ቡንጌይ ሹንጁ የተባለ መጽሔት የጠቅላይ ሚኒስትሩን የገንዘብ ምንጭ እየተከተለ ጻፈ፤ ታናካ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወረዱ። በ1976 ደግሞ ከአሜሪካው አውሮፕላን ሠሪ ሎክሂድ ጉቦ ተቀብለዋል ተብለው ታሰሩ፤ የታሰሩትም የራሳቸው ፓርቲ በሥልጣን ላይ እያለ ነው። እኛ የአውራ ፓርቲን ጽንሰ ሐሳብ በየስብሰባው በምንማርበት ጊዜ፣ በ2006 ዓ.ም. ክረምት፣ አዲስ ጉዳይ፣ ፋክት፣ ሎሚ፣ ዕንቁና ጃኖ የተባሉ አምስት መጽሔቶችና አፍሮ ታይምስ ጋዜጣ በአንድ ጊዜ ተከሰሱ። እዚያ መጽሔት ጠቅላይ ሚኒስትር አወረደ፤ እዚህ መንግሥት መጽሔት አወረደ። ሁለቱን በአንድ ስም አውራ ፓርቲ ብሎ መጥራት አንበሳንና የአንበሳ ሐውልትን አንድ ማድረግ ነው።

የታናካ ታሪክ ሌላም ነገር አለው፣ ለእኔም ክርክር የማይመች የሚመስል። ሰውዬው በ1983 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ከተባሉ በኋላ በዚያው ዓመት የኒጋታ መራጮች በከፍተኛ ድምፅ መልሰው መረጧቸው። ለምን? መንገድ፣ ድልድይ፣ ዋሻና ፈጣን ባቡር ስላመጡላቸው። ያረጀው የጃፓን አውራ ፓርቲ የቆመበት ምሰሶ ይህ ነው፦ ከገጠር ድምፅ ይሰበስባል፤ ለገጠሩ የግንባታ በጀት ይልካል፤ ተቋራጩ ሥራ ያገኛል፣ ለፓርቲውም መዋጮ ይከፍላል፤ ጡረታ የወጣው ባለሥልጣን ሲቆጣጠረው በነበረው ኩባንያ ውስጥ ወንበር ይጠብቀዋል። የገበሬው ኅብረት ሥራ ማኅበር ሩዙን ከውጭ ውድድር ያስጠብቃል፣ በምላሹ አባሉን ለምርጫ ያሰልፋል። የወንበር ክፍፍሉ የከተማውን ድምፅ ከገጠሩ ስላሳነሰው የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ፈርዷል። እንግዲህ ኪራይ ሰብሳቢነትን ያጠፋል ተብሎ የተመሰከረለት ፓርቲ፣ ዕድሜው በረዘመ ቁጥር፣ በዓለም ላይ የኪራይ ሰብሳቢነት መማሪያ ከሆኑት አንዱ ሆነ። የረጅም ዘመን ሥልጣን ጥገኞቹን አላጸዳቸውም፤ አደራጃቸው።

ይህ ምሰሶ በደህናው ጊዜ ዋጋው አልታየም። የታየው በክፉው ጊዜ ነው። በ1989 የመጨረሻ የገበያ ቀን የቶኪዮ የአክሲዮን መለኪያ ኒኬይ 38,915 ደረሰ፤ ወዲያው መውረድ ጀመረ፣ የመሬት ዋጋም ተከተለው። ይህ ከፍታ እንደገና የታለፈው በፌብሩዋሪ 2024 ነው፤ ያን ዕለት የተወለደ ልጅ 34 ዓመት ሞላው። አረፋ በየአገሩ ይፈነዳል፤ መፈንዳቱ የጃፓን ልዩ ነገር አይደለም። ልዩ የሆነው ከዚያ በኋላ ያለው መዘግየት ነው። ባንኮቹ የማይመለስ ብድር ታቅፈው ቁጭ አሉ። በ1992 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር ሚያዛዋ ኪዪቺ የሕዝብ ገንዘብ ለባንኮቹ ማስገባት ሊያስፈልግ ይችላል ብለው ተናገሩ፤ ባንኮቹም፣ ቢሮክራሲውም፣ ሕዝቡም ሲያጉረመርሙባቸው ተዉት። የቤት ብድር ኩባንያዎቹ ሲወድቁ በ1996 መንግሥት 685 ቢሊዮን የን አወጣ፤ ለእነዚህ ኩባንያዎች ብዙ ያበደሩት የገበሬ ኅብረት ሥራ ባንኮች ነበሩና፣ የፓርቲው የገጠር ክንፍ ኪሳራው በእነርሱ ላይ እንዳይከብድ ተሟገተ። በኖቬምበር 1997 የሆካይዶ ታኩሾኩ ባንክና መቶ ዓመት የሞላው ያማይቺ የአክሲዮን ድርጅት በአንድ ወር ውስጥ ወደቁ። ባንኮቹ በብዛት የመንግሥት ካፒታል ያገኙት በማርች 1999 ነው። ሚያዛዋ ከተናገሩት ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀረው ማለት ነው። በእነዚህ ዓመታት መበደር የማይገባው ኩባንያ እየተበደረ ኖረ፣ መበደር የሚገባው አጣ፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣው ትውልድ ቋሚ ሥራ ሳያገኝ ጎለመሰ። ይህን ሁሉ ያዘገየው የእውቀት ማነስ አይደለም። ሐኪሙ በሽታውን ያውቀዋል፤ መድኃኒቱ ግን የፓርቲውን ወዳጆች የሚያማቸው ነበር።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚ ባለሙያው እጁን ያነሣል፤ ማንሣቱም ተገቢ ነው። የጃፓን መቆም ከፓርቲ ይልቅ የእርጅና ጉዳይ ነው ይላል፦ ልጅ አልወለዱም፣ ሠራተኛው ቀነሰ፣ ስለዚህ ኢኮኖሚው ቆመ። ከፊሉ እውነት ነው። ሥራ ላይ ባለው ሰው ቁጥር ሲካፈል የጃፓን ዕድገት ከሌሎች ሀብታም አገሮች ያን ያህል አይርቅም፤ "መቆም" የምንለውም የጠገበ ሰው መቆም ነው፣ ከእኛ ጋር መወዳደር የለበትም። ግን በሥራ ዕድሜ ላይ ያለው የጃፓን ሕዝብ ከፍተኛው ቁጥር ላይ የደረሰው በ1995 ነው፤ ኢኮኖሚው የወደቀው ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ ነው። ደግሞስ እርጅና ሳይታሰብ በሌሊት የሚመጣ እንግዳ ነው? ከሠላሳ ዓመት በፊት በሕዝብ ቆጠራ ሰንጠረዥ ላይ ይታያል። ሴቶች ሙሉ ጊዜ እንዲሠሩ የሚያስችል ሕግ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የውጭ ሠራተኛ አቀባበል፣ እነዚህ የፖለቲካ ውሳኔዎች ናቸው፤ መራጩ በአብዛኛው አዛውንትና የገጠር ሰው የሆነለት ፓርቲ ደግሞ ሊቸኩልባቸው ምክንያት አልነበረውም። እርጅናው የተፈጥሮ ነው፤ ለእርጅናው አለመዘጋጀቱ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ተቃዋሚዎቹ ሥልጣን ሲይዙስ ምን ፈየዱ? በ1993 ሆሶካዋ ሞሪሂሮ የስምንት ቡድኖች ጥምረት ይዘው መጡ፣ በስምንት ወር ወረዱ። በ2009 የጃፓን ዲሞክራቲክ ፓርቲ ከ480 ወንበሮች 308 ወስዶ አገሩን አናወጠ፤ በሦስት ዓመት ከሦስት ወር ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትር ጨርሶ ተሸኘ። የገባውን ቃል አብዛኛውን አልፈጸመም፣ እርስ በእርሱ ተባላ፣ የ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥና የኑክሌር አደጋ ደግሞ በእርሱ ላይ ወደቀ። መጥፎ መንግሥት ነበር፤ ይህን ለመሸፋፈን አልሞክርም። ነገር ግን ለግማሽ ምዕተ ዓመት የአገር በጀት እንዲይዝ ያልተፈቀደለት ሰው በመጀመሪያው ቀን ቢሳሳት ጥፋቱ የማን ነው? ዋና እንዳይለምድ ከወንዝ ተከልክሎ ያደገን ልጅ ሲሰምጥ አይተን "ድሮም ዋና አይችልም" እንደማለት ነው። ደግሞም ያቺ የስምንት ወሯ የሆሶካዋ መንግሥት ለዓመታት ሲነገርለት የነበረውን የምርጫ ሕግ ለወጠች፣ ለሩዝ ገበያውም በሩን ጥቂት ከፈተች። አውራው ሁለቱንም ሊነካቸው ሳይደፍር ኖሯል። ከ2006 እስከ 2012 ስድስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች መፈራረቃቸውም የችግሩ ምንጭ ነው ይባላል። የዕድገቱ ዘመን መሪዎችም ይፈራረቁ እንደነበር አይተናል፤ ልዩነቱ ያኔ መንገዱ የሚያደርስ ነበር፣ ኋላ ግን ሹፌሩን እየቀየሩ በተዘጋ መንገድ መሄድ ሆነ።

ጃፓንን በግማሽ መቅዳት የጀመርነው በኢሕአዴግ አይደለም፣ ይህን ማንሳት ለፍትሕ ያህል ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ማኅደረ ብርሃን ብለው የጻፉላት የአድናቆት ዘመን ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አርአያ ያደረጉት የጃፓንን የሜይጂ ዘመን ሕገ መንግሥት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ክብር የማይደፈር መሆኑ በደንብ ተቀዳ። በጃፓን ግን ከ1890 ጀምሮ የታችኛው ምክር ቤት ተመራጭ ነበር፤ መራጮቹ ጥቂት ሀብታሞች ቢሆኑም ገና በመጀመሪያው ጉባኤ የመንግሥትን በጀት ቆርጠው ሚኒስትሮቹን አስለምነዋል። ይህ ክፍል አልተቀዳም። እኛ ዘንድ ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ በሕዝብ የተመረጠ ሰው የገባው በ1950 ዓ.ም. ነው።

ኢሕአዴግም እንዲሁ ዕድሜውን ቀዳ፣ ስጋቱን ተወ። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን ወሰደ፤ ጉለሌም አብራ ሄደች። እንደ ቶኪዮው ዓይነት አጋጣሚ በራችን ላይ ቆሞ ነበር፦ ገዢው ፓርቲ አገሩን ይዞ፣ ዋና ከተማውን ለተቃዋሚ አስረክቦ፣ ከዚያ የሚሻለውን እየሰረቀ የሚሻሻልበት። የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ከተማው በተመራጮቹ ሳይሆን በባለአደራ አስተዳደር ተመራ፤ ከሚሊዮን በታች የነበረው የኢሕአዴግ አባል በጥቂት ዓመት ከ4 ሚሊዮን አለፈ፤ በ2002 ዓ.ም. ግንባሩና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. 547ቱንም ያዙ። በዚያው ዘመን የተሠራውን መንገድ፣ የተከፈተውን ዩኒቨርሲቲ፣ በየቀበሌው የተመደቡትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚክድ ሰው ዓይኑን የጨፈነ ነው። ግን ስሕተቱን የሚነግረው ማን ነበር? በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አሥር አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎች ታቅደው፣ ስኳር ወደ ውጭ እንልካለን ተብሎ፣ ግንባታው በአመዛኙ ለመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ተሰጥቶ፣ ዓመቱ ሲሞላ ሕዝቡ አሁንም ለስኳር ተሰለፈ። የዚያን ጊዜው ዋና ኦዲተር ገመቹ ዱቢሶ በየዓመቱ ምክር ቤት ቀርበው በቢሊዮን ብር ስለሚቆጠር ያልተወራረደ ሂሳብ ያነቡ ነበር፤ ምክር ቤቱ ያዳምጥ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ያነቡ ነበር። መቶ በመቶ የያዘው ምክር ቤት በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተከፈተ። የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን ማስተር ፕላን በመቃወም ጊንጪ ላይ ተማሪዎች የወጡት በኅዳር ነው። ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። 547 ሰው የሕዝብ ወኪል ነኝ ብሎ ከተቀመጠበት አዳራሽ ውስጥ አንድም ድምፅ ያልተሰማለት ቁጣ አስፋልት ላይ ፈሰሰ፤ ዕቅዱ በጥር ተሰረዘ፣ ግን ከዚያ በፊት ሰው ሞቷል፣ ከዚያም በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ።

"እኛ ጃፓን አይደለንም" የሚለው የመጨረሻው መከላከያ ነው። ጃፓን አንድ ቋንቋ ያላት፣ የተማረ ሕዝብ ያላት ናት፤ የእኛ ውድድር ወዲያው ወደ ብሔር ጠብ ይለወጣል፣ ስለዚህ አንድ የሚይዝ እጅ ያስፈልጋል ይባላል። በመጀመሪያ፣ ምሳሌው የሚጠቅም ሲሆን ጃፓን ነን፣ ሲከብድ አይደለንም ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ብዙ ቋንቋና ብዙ ጥያቄ ያለበት አገር ስሕተቱን ቶሎ የሚሰማበት ጆሮ ከአንድ ቋንቋ አገር ይበልጥ ያስፈልገዋል። የሚይዘው እጅ 27 ዓመት ያዘ፤ በለቀቀ ጊዜ ጠቡ ከበፊቱ ብሶ ተገኘ። ኅዳር 2012 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ከስሞ ብልጽግና ሲተካ ስሙም አደረጃጀቱም ተለወጠ፤ በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ግን አዲሱ ፓርቲ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች 410ሩን ያዘ። ቁጥሩ ከ547 ከ547 ይሻላል፤ የሚያሰጋ ቁጥር ግን አይደለም።

ሚኒባሱ ላይ የተጻፈው ስም የመጣው ከሽመና ቤት ነው፤ ሽሮ ሜዳን ለሚያውቅ ጉለሌ ይህ ቅርብ ነገር ነው። ቶዮዳ ሳኪቺ በ1924 የሠራው የሽመና ማሽን ዝናው በፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። አንድ ክር ሲበጠስ ማሽኑ ራሱን ያቆም ነበር፤ የተበላሸ ጨርቅ እየሸመነ አይሄድም። የመኪናው ፋብሪካ የወጣው ከዚያው ድርጅት ነው፤ ልማዱም አብሮ ሄደ፦ በቶዮታ ፋብሪካ ስሕተት ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ገመድ ስቦ አለቃውን ይጠራል፣ ካስፈለገም መስመሩን ያስቆማል። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበሩት ዓመታት የጃፓን ጥጥ ጨርቅ የእኛን ገበያ ያጥለቀለቀው ከእንዲህ ዓይነት ኢንዱስትሪ እየወጣ ነው። እኛ ካይዘን የተባለውን የጃፓን የአሠራር ማሻሻያ በ2002 ዓ.ም. በ30 ፋብሪካዎች ጀመርን፣ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት አቋቋምንለት፣ "አምስቱ ማዎች" ብለን ማጣራቱንና ማጽዳቱን በየግድግዳው ለጠፍን። መሣሪያ በቦታው መቀመጡ ጥሩ ነው፤ ብዙ ፋብሪካም ተጠቅሟል። ገመዱ ግን ከፋብሪካው በር ወጥቶ ምክር ቤት አልደረሰም። የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ድሩ ሲበጠስ እጁን ያቆማል፣ ይቀጥለዋል፣ ከዚያ መወርወሪያውን ያነሣል። ማንም ጽንሰ ሐሳብ አላስተማረውም።

አንድ ትንሽ ቁጥር ላንሳ፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ ሊያታልሉ ይችላሉ። በእኛ አገር ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ በ1994 ዓ.ም. 150 ብር ነበር። የ2000 ዓ.ም.ን የዋጋ እሳት አልፎ እስከ 2008 ዓ.ም. 150 ብር ቆየ። ከዚያ 600 ብር ሆነ፤ ጦርነቱን፣ ከ30 በመቶ ያለፈውን የዋጋ ንረትና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ መለቀቅ ሁሉ አልፎ 600 ብር ቆየ። ወደ 2,000 ብር ያደገው በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛ ማኅበራቱ ደጋግመው ጠይቀዋል፤ ባይሰሙ ወንበሩን የሚያጣ ሰው ስላልነበረ ጥያቄው መጠበቅ ቻለ። ጃፓንም ተመሳሳይ ቁጥር ነበራት። ከገቢ ግብር ነፃ የሆነው የዓመት ገቢ በ1995 በ1.03 ሚሊዮን የን ላይ ቆመ፤ ግማሽ ቀን የሚሠሩ ሚስቶችና ተማሪዎች ከዚያ እንዳያልፉ ሰዓታቸውን እየቆጠሩ ይሠሩ ነበር፣ ሠራተኛ ባጣ አገር። ሠላሳ ዓመት ያህል ማንም አልነካውም። በኦክቶበር 2024 በሊበራል ዲሞክራቲክ ፓርቲ የሚመራው ገዢ ጥምረት ከ465 ወንበሮች 215 ብቻ አገኘ፤ አንድ አነስተኛ ተቃዋሚ ፓርቲ ድጋፌን ከፈለጋችሁ ይህን ቁጥር አንሱ አለ። በዲሴምበር ወደ 1.23 ሚሊዮን፣ በሚቀጥለው ዓመት ለዝቅተኛ ገቢዎች ወደ 1.6 ሚሊዮን የን አደገ። ለአብላጫው የጎደሉት 18 ወንበሮች ነበሩ።